ከደወሉ በፊት



አንድ ክፍል፣ አንድ መምህር፣ አንድ መጽሐፍ፤ ውጤቱ ግን ለየቅል። ለምን? «ያ ጎበዝ ነው፣ ያ ሰነፍ» ብሎ ማለፍ ይቀላል። የሶሺዮሎጂ ምሁራን ግን ከልጁ ጀርባ ያለውን ቤት ያያሉ።

አሜሪካዊው ጄምስ ኮልማን በ1966 እ.ኤ.አ. ከ600 ሺህ በላይ ተማሪዎችን ያካተተ ጥናት ይፋ አደረገ። ብዙዎች ለተማሪዎቹ ውጤት መለያየት ጥፋቱ የሕንፃና የቤተ ሙከራ ነው ብለው ጠብቀው ነበር። የቤተሰብ ሁኔታ ግን ከቁሳቁሱ ሁሉ አመዘነ።

ፈረንሳዊው ፒየር ቡርዲዩ ደግሞ ጠለቅ ብሎ ገባበት። ትምህርት ቤት በሩን ለሁሉም ይከፍታል፤ የሚሸልመው ግን የተማረ ቤተሰብ በማዕድ ዙሪያ የሚያወራበትን ቋንቋ፣ ከመጽሐፍ ጋር ያለውን ቅርበት ነው። ስሙንም «ባህላዊ ካፒታል» አለው። ከቤት የተወረሰው፣ ክፍል ውስጥ «ተሰጥኦ» ተብሎ ይጨበጨብለታል። እኔን የሚያስቆጨኝ ይሄ ጭብጨባ ነው።

በእኛም አገር ውሃ ቀድታ፣ ወንድሟን አዝላ፣ ረጅም መንገድ በእግሯ ተጉዛ የምትማር ልጅ አለች። የምትፈተነው ግን አስጠኚ ከተቀጠረለት ልጅ ጋር፣ በአንድ ወረቀት ነው።

እናንት ወላጆች፣ የልጃችሁ ጓደኛ ማጥኛ ቦታ ከሌለው ዛሬ ማታ እናንተ ዘንድ ጥሩት።