የቆዩ መዝገቦቻችን እስከ መቼ ይቀመጡ?

(በጠቅላላ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነግራችሁ የዕቃ ቤቱን ጉዳይ ነው። ዕቃ ቤቱ ሞልቷል። ድንኳኑና ወንበሩ ከወረቀት ጋር ተጋፍቷል፣ አይጥም ገብቶበታል። ከእናንተ መካከል «አሮጌውን ሁሉ አቃጥላችሁ ለምን አትገላገሉም?» ያላችሁን አላችሁ። ክፉ ሐሳብ አይደለም። ግን እኛ አንድ ጊዜ ተገላግለን ነበርና የሆነውን እንናገር።

የዛሬ ስድስት ዓመት ግድም ሦስት የቆዩ የአባልነት መዝገቦችን ከሌላ ወረቀት ጋር በኪሎ ለመጠቅለያ ሸጥን። ያገኘነውን ገንዘብ ብንጠራው ያሳፍራል። ወደ አዲሱ መዝገብ የገለበጥነው የአባላቱን ስም ብቻ ነበር፣ የቤተሰቡን አልገለበጥንም። በዓመቱ የአንዲት አባላችን እናት አረፉ። «እናቴን ስገባ አስመዝግቤያለሁ» አሉን። አዲሱ መዝገብ ላይ የሉም። እኛም ደንቡን ይዘን «ያልተመዘገበ አይከፈለውም» አልን። ከሁለት ወር በኋላ ሴትዮዋ የእናታቸው ስም የተጻፈበትን ደረሰኝ ከሣጥን ሥር አግኝተው አመጡ። ገንዘቡ ተከፈለ፤ ለቅሶው ግን ያለ ድንኳን አልፏል። እስከ ዛሬ ስንገናኝ ዓይናቸውን ማየት ይከብደናል።

ስለዚህ በዚህ ጊዜ ከማቃጠል በፊት ሕግ የሚያውቅ ሰው ይዘን አነበብን። አንድ የዓመት ቁጥር ይነገረናል ብለን ነበር የሄድነው። አንድ ቁጥር የለም። ነገሩ የሚወሰነው በዚያ ወረቀት ማን፣ እስከ መቼ ሊጠይቀን ይችላል በሚለው ነው።

በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1845 ሌላ የተለየ ጊዜ ካልተደነገገ ከውል የሚነሣ ጥያቄ በ10 ዓመት ይርጋ እንደሚታገድ ይናገራል። ይህን ሲሰሙ ከኮሚቴው አንዱ «እንግዲያው ከ10 ዓመት በላይ የሆነውን ሁሉ እናውጣ» አሉ። እዚህ ላይ ነው ስሕተቱ። ቆጠራው የሚጀምረው ወረቀቱ ከተጻፈበት ቀን አይደለም፤ መብቱን መጠየቅ ከተቻለበት ቀን ነው። የዕድር ክፍያ ደግሞ የሚጠየቀው ሰው ሲሞት ነው። በ1985 የተመዘገቡ እናት ዛሬ ቢያርፉ ቆጠራው ዛሬ ይጀምራል። እንግዲህ የአባልነት መዝገብ አሮጌ የሚባልበት ቀን የለውም ማለት ነው፣ ሰውየው እስካለ ድረስ፣ ከዚያም በኋላ።

የብድር ወረቀትም እንዲሁ ነው። ተበዳሪው በመካከል «አዎ፣ ዕዳ አለብኝ» ብሎ ቢፈርም ይርጋው ይቋረጥና ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል። የመጀመሪያውን ቀን ብቻ አይቶ መጣል አይቻልም።

የሁለቱ ሱቆች ኪራይ ወረቀት ታክስም ይነካዋል። የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ሰነድ የሚቀመጠው በንግድ ሕጉ ለተወሰነው ጊዜ ወይም የታክስ ማስታወቂያው ከቀረበበት ቀን አንሥቶ ለ5 ዓመት ሆኖ፣ ከሁለቱ የሚረዝመው ነው ይላል። የዘበኛው ደመወዝ መክፈያ ላይ ደግሞ ሁለት ሕግ ይገናኛል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የደመወዝ ጥያቄ በ6 ወር ይታገዳል። ያን ብቻ አይተን ብንቀድደው ግን ከደመወዙ ለተቀነሰው ግብር ማስረጃ እናጣለን። ስለዚህ ረጅሙን ይዘናል።

ኮሚቴው ያቀረበው ይህ ነው። የአባልነት መዝገብና ቃለ ጉባኤ አይነካም። የብድርና የኪራይ ውል ሒሳቡ ከተዘጋ በኋላ 10 ዓመት ይቆያል፤ የደመወዙም ወረቀት እንደዚሁ 10 ዓመት። ክስ ያለበት ወረቀት ክሱ እስኪያልቅ ቀኑ ቢያልፍም አይወጣም። የድንኳንና የብርጭቆ መዋሻ ብጣሽ ወረቀት ግን ዕቃው ከተመለሰና ሒሳቡ ከተመረመረ ምን ያደርግልናል? ይውጣ። የሚወጣው ሁሉ አስቀድሞ በቃለ ጉባኤ ተዘርዝሮ ሦስት ሰው ይፈርምበታል። በኪሎ ግን አይሸጥም፣ የሰው ስም አለበትና።

የተሸጡት ሦስት መዝገቦች አይመለሱም። በየቤታችሁ የቆየ ደረሰኝ ወይም የአባልነት ደብተር ያላችሁ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ወደ ዕድሩ ቤት ይዛችሁ ኑ። ስሙንና ቁጥሩን እዚያው እንገለብጣለን፣ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። መምጣት የማይችሉ አረጋውያን ካሉ ለጎረቤት ይንገሩ፣ እኛ ቤታቸው እንሄዳለን።