አስተርጓሚ የማያስፈልገው ጠረጴዛ
(በወላጆች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ርዕሳችን ለአንዳንዶቻችሁ የልጆች ጨዋታ ሊመስል ይችላል። የምናወራው ቁርጥራጩ በሣጥን ተሞልቶ ስለሚሸጠው የፕላስቲክ ሮቦት ነው። «ተሠርቶ ያለቀ መጫወቻ እያለ ያልተሠራ ለምን ይገዛል?» የሚል ወላጅ ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። ገንዘቡ የሚከፈለው ለመሥራቱ ነው ብዬ እመልሳለሁ።

ታሪኩን ባጭሩ ላስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1979 በጃፓን ቴሌቪዥን «ጋንዳም» የተባለ ተከታታይ የካርቱን ፊልም ተጀመረ። ሰው ውስጣቸው ተቀምጦ ስለሚነዳቸው ግዙፍ ሮቦቶች የሚተርክ ነበር። ተመልካቹ በማነሱ ከታቀደው ጊዜ ቀድሞ በ1980 መጀመሪያ በ43ኛው ክፍል ቆመ። በዚያው ዓመት በጁላይ ወር ባንዳይ የተባለው ኩባንያ የሮቦቱን ሞዴል በ300 የን ለገበያ አወጣ። ፊልሙም ተደግሞ ሲታይ ተወደደ፤ ሞዴሉም እጅግ ተፈላጊ ሆነ።

ሣጥኑ ላይ 1/144 የሚል ቁጥር አለ። ሮቦቱ በታሪኩ ውስጥ 18 ሜትር ይረዝማል። 1800 ሳንቲሜትር ለ144 ሲካፈል 12 ሳንቲሜትር ተኩል ይሆናል፤ ሞዴሉ የዚያን ያህል ነው። ልጃችሁ ክፍልፋይ አልገባኝም ካለ ማስመሪያ ይዛችሁ አብራችሁ ለኩ።

ከ1990 ወዲህ የወጡት ብዙዎቹ ያለ ሙጫ ይገጥማሉ፤ ቀለማቸውም ከፋብሪካ የተለያየ ሆኖ ይመጣል። የድሮው ግን ሙጫ ይፈልጋል፤ አብዛኛው ክፍሉም አንድ ዓይነት ቀለም ስለሆነ ቀለም መቀባት ይፈልጋል። ክፍሎቹ ቁጥር ተጽፎባቸው ከፕላስቲክ ፍሬም ጋር ተያይዘዋል። አንዱን በመቁረጫ ፒንሳ ትለያላችሁ፤ የቀረውን ጉጥ በብርጭቆ ወረቀት ታለሰልሳላችሁ። የሞዴል ሙጫ የፕላስቲኩን ፊት አቅልጦ ሁለቱን አንድ ያደርጋልና ጥቂት ይበቃል፤ ከበዛ ሥራውን ያበላሻል። ከዚያ እስከ ማግሥቱ መተው ነው። ሲደርቅ የመገጣጠሚያውን መስመር ፍቃችሁ ትቀባላችሁ። መስኮት ክፈቱ፤ ስለቱን ወደ ሰውነታችሁ አታዙሩ፤ ጥቃቅኑን ክፍል ከሕፃናት አርቁ።

አሮጌ ሞዴል ስታዩ ክንዱን ከጎን ተመልከቱት። መስመሩ ካልታየ ሠሪው ታግሷል ማለት ነው። የድሮው እንደ ዛሬዎቹ በነፃነት አይታጠፍም፤ ነገር ግን የሠራው ሰው እጅ ይታይበታል። ሰዎች የሚያከብሩትም ስለዚህ ነው። ኩባንያው የድሮዎቹን ደጋግሞ ስላመረተ ሁሉም ውድ አይደሉም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ልጅ ዕብራይስጡን ከወላጁ ቀድሞ ይይዛል። የመጣውን ደብዳቤ የሚያነብ፣ ቢሮ ሄዶ የሚያስተረጉም እሱ ይሆናል። አባት በገዛ ቤቱ ዝም ይላል፤ እናትም ልጇን ለመጠየቅ ታፍራለች። ከጃፓን የመጣ የሞዴል መምሪያ ግን የተጻፈው በጃፓንኛ ነው። ልጁም አያነበው፣ አባቱም አያነበው። ሁለቱም ሥዕሉንና ቁጥሩን ይከተላሉ። በዚያ ጠረጴዛ ላይ አስተርጓሚ የለም።

እንዲያውም ወላጅ የሚቀድምበት ብዙ ነው። ከመካከላችን ብረት የቀጠቀጠ አለ፤ ሸማ የሠራ አለ፤ ሸክላ የሠራች አለች። ሸክላ ሳይደርቅ እሳት ውስጥ እንደማይገባ የምታውቅ እናት፣ ሙጫው ሳይደርቅ ቀለም ለመቀባት የሚቸኩለውን ልጅ «ቆይ ልጄ» ብትለው ስለምትናገረው ታውቃለች። ልጁም ያንን ዕውቀት በዓይኑ ያያል።

ስለዚህ በሳምንት አንድ ምሽት፣ ቴሌቪዥኑን ዘግታችሁ፣ አንድ ርካሽ ሞዴል ይዛችሁ አብራችሁ ተቀመጡ። ፒንሳውን ለልጁ ስጡት፤ እናንተ ክፍሉን ያዙለት። ሲጣመም አትቆጡ፤ እንዴት እንደሚቃና አሳዩት። ሲያልቅም እንግዳ የሚያየው ቦታ ላይ አቁሙት፤ ማን ማን እንደ ሠራውም ልጁ ራሱ ይናገር።