ሴናተሩና የፕሬዚዳንትነት ሚዛን



አንድ ሴናተር ለፕሬዚዳንትነት ያለውን ዕድል መመዘን በአሜሪካ ጋዜጠኞችና ፖለቲከኞች ዘንድ የቆየ ልማድ ነው። ከሴኔት ወንበሩ ተነሥቶ በምርጫ በቀጥታ ዋይት ሐውስ ለመግባት የበቃ ግን እስካሁን ሦስት ሰው ብቻ ነው፤ እነርሱም በ1920 ዋረን ሃርዲንግ፣ በ1960 ጆን ኬኔዲ፣ በ2008 ባራክ ኦባማ ናቸው (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ሴናተር ይናገራል፣ ድምፅ ይሰጣል፤ የሰጠውም ድምፅ ተመዝግቦ ይቆይና በምርጫ ጊዜ ክስ ይሆንበታል። አገረ ገዥ ግን ቢያለማም ቢያጠፋም አስተዳድሬአለሁ ለማለት ይችላል።

ለዚህ ሚዛን ከኤድዋርድ ኬኔዲ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም። ቤንዚን ለመቅዳት መኪና ተሰልፎ በሚውልበት፣ የኑሮ ውድነትም ሕዝቡን ባስመረረበት በ1979 አጋማሽ፣ የዴሞክራቲክ ፓርቲ ደጋፊዎች በሥልጣን ላይ ከነበሩት ከቀድሞው የጆርጂያ አገረ ገዥ ከጂሚ ካርተር ይልቅ ኬኔዲን እጥፍ በሚያህል ብልጫ እንደሚመርጡ የሕዝብ አስተያየት መመዘኛዎች አመለከቱ። ኬኔዲ በሴኔት ወደ 17 ዓመት ያገለገሉ፣ የተገደሉትን የሁለት ወንድሞቻቸውን ስምና አደራ የተሸከሙ ሰው ነበሩ።

ይሁን እንጂ ያልተወዳደረ ሰው የሁሉ ተስፋ ነው። የመወዳደራቸው ነገር እንደ ተሰማ የ1969ኙ የቻፓኩዊዲክ አደጋ እንደገና ተነሣ፤ መኪናቸው ከድልድይ ወድቆ አብራቸው የነበረች ወጣት ስትሞት ለፖሊስ ያመለከቱት በማግሥቱ ነበርና። ከሁሉ የከፋው ግን ይህ አልነበረም። ኖቬምበር 4 ቀን 1979 በተላለፈው የቴሌቪዥን ቃለ መጠይቅ ጋዜጠኛው ሮጀር ማድ ፕሬዚዳንት ለመሆን የፈለጉበትን ምክንያት ሲጠይቃቸው፣ በንግግር የታወቁት ሴናተር ቃል አጠራቸው፤ ስለ አገሪቱ ሀብትና ስለ ሕዝቡ ትምህርት ጀምረው የሚጨበጥ ነገር ሳይናገሩ ቀሩ። በዚያው ዕለት በቴሄራን የአሜሪካ ኤምባሲ ሠራተኞች ታገቱ፤ ሕዝቡም ለጊዜው በፕሬዚዳንቱ ዙሪያ ተሰበሰበ። ኬኔዲ እጩነታቸውን በቦስተን ያስታወቁት ከሦስት ቀን በኋላ ነው። በጃንዋሪ 1980 በአዮዋ ካርተር 59 ከመቶ ሲያገኙ እርሳቸው ያገኙት 31 ነበር፤ ኋላ ኒው ዮርክንና ካሊፎርኒያን ቢያሸንፉም ጊዜው አልፎ ነበር።

የሚያስገርመው ከዚህ ቀጥሎ የሆነው ነው። ኦገስት 12 ቀን በኒው ዮርክ በተደረገው የፓርቲው ጉባኤ፣ እጩነቱ ከእጃቸው ከወጣ በኋላ ስለ ሥራ አጡ፣ ስለ አረጋዊውና ስለ ሕክምና ዋስትና ያሰሙት ቃል ጉባኤተኛውን ከመቀመጫው አስነሣው። የማድ ጥያቄ መልስ ያገኘው ያን ምሽት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ዘጠኝ ወር ዘግይቶ። ካርተር በኖቬምበር በሮናልድ ሬገን ተሸነፉ፤ ኬኔዲም በ2009 እስካረፉ ድረስ በሴኔት ቆዩ፣ ለፕሬዚዳንትነት ግን ዳግመኛ አልተወዳደሩም።