ትግልን በሥዕል ማስተማር ይቻላልን?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተነገረ)



ከመካከላችን በትግል ጓደኛውን ጥሎ ወይም ራሱ ወድቆ የማያውቅ ያለ አይመስለንም። በዱላም ምክቶሽ ተጫውተናል። ይህን ጥበብ ያስተማረን መጽሐፍ አይደለም፤ ታላላቆቻችን ደጋግመው ስለ ጣሉን ተማርነው። ዛሬ የምንናገረው ግን እንዲህ ያለውን ጥበብ በሥዕል ስላተሙ ሰዎች ነው። ዘመኑን የምንቈጥረው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

በ1539 በጀርመን አገር፣ በቪተንበርግ ከተማ፣ ፋቢያን ፎን አወርስቫልድ የተባለ የትግል መምህር አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ዕድሜው ከ70 ዓመት አልፎ ነበር። በመጽሐፉ 85 የትግል ዘዴዎች በእንጨት ላይ ተቀርጸው ታትመዋል፤ ሥዕሎቹም ከታወቀው ሠዓሊ ከሉካስ ክራናክ የሥራ ቤት የወጡ ናቸው። ጢማሙ ሽማግሌ ራሱ መምህሩ ሲሆን፣ ባላጋራው ያማረ ልብስ የለበሰ ወጣት ነው። ሽማግሌው ወጣቱን ጠልፎ ሲጥለው ማየት ወላጆቻችንን ደስ ሳያሰኛቸው አይቀርም። በመጨረሻም አንዱ እግሩን በትንሽ ጉድጓድ ከትቶ፣ ሌላው በአንድ እግሩ እየዘለለ የሚታገሉበት ጨዋታ አለ፤ ይህ ለእኛም ዕረፍት ሰዓት የተፈጠረ ይመስላል።

በኢጣሊያም የሻሞላ መምህራን እንደዚሁ አደረጉ። አኪሌ ማሮዞ በ1536 በሞዴና ባሳተመው መጽሐፍ፣ ተማሪው እግሩን የሚያሳርፍበትን በመሬት ላይ በተሠመረ ክበብ አሳየ። ካሚሎ አግሪፓ ደግሞ መሐንዲስ ስለ ነበረ፣ በ1553 በሮም ባሳተመው መጽሐፍ አቋቋሙን በጂኦሜትሪ መስመር እየለካ በፊደል ሰየመው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስገረመን። ዲያቆን ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ በ1534 ወደዚያችው ወደ ቪተንበርግ ሄዶ ከማርቲን ሉተር ጋር ተነጋግሯል። በሮምም አባ ተስፋ ጽዮን በ1548ና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳትመዋል። እንግዲህ የአግሪፓ መጽሐፍ ከመውጣቱ በፊት ፊደላችን በዚያች ከተማ ከማተሚያ ቤት ገብቶ ነበር። ትግላችንና ምክቶሻችን ግን ተከትለውት አልገቡም።

የካፋ መንግሥት በ1897 ከወደቀ በኋላ፣ ፍሬድሪክ ቢበር የተባለ ኦስትሪያዊ በ1905 ወደዚህ መጥቶ ያየውንና የሰማውን ጻፈ፤ መጽሐፉም በ1920ና በ1923 በሁለት ክፍል ታተመ። ስለ አያቶቻችን ለማወቅ የጀርመንኛ መጽሐፍ መግለጥ ግድ ሲሆን ትንሽ ቅር ይለናል።

ይሁን እንጂ ሥዕል ሁሉን አይችልም። በስፖርት ሰዓት ከአወርስቫልድ ሥዕሎች የአንዱን ቅጂ ይዘን ሞከርነው። ሁለታችን ተያያዝን፤ ሌሎቻችን ሥዕሉን እያየን አዘዝን። እጅ የት እንደሚይዝ፣ እግርም ከማን እግር ኋላ እንደሚቆም ወዲያው ገባን። ክብደት በየትኛው እግር ላይ እንደሚያርፍና መቼ እንደሚገፋ ግን ሥዕሉ አልነገረንም፤ የሚይዘው አንዱን ቅጽበት ብቻ ነውና። በዚህ ምክንያት ብዙ ተሳሳቅን።

በአገራችን ትግል ከባህል ስፖርቶች እንደ አንዱ ተቈጥሮ የውድድር ሕግ ወጥቶለታል። ሕጉ ማን እንዳሸነፈ ይለያል እንጂ አያያዙን አያስተምርም። በክልላችን በምዕራብ ኦሞ ያሉት ሱሪዎች የሚጫወቱትን የዶንጋ ዱላ ደግሞ እንግዶች አዘውትረው ፎቶግራፍ ያነሡታል፤ ነገር ግን ዐይናቸው በገላው ቀለም ላይ ስለሚያርፍ እጅ ዱላውን እንዴት እንደ ያዘ ማንም ልብ አይልም።

ስለዚህ እኛ ተማሪዎች የምናውቃቸውን አራት አያያዞች፣ እያንዳንዱን በሦስት ሥዕል ከፍለን፣ ማለት ሲያዝ፣ ሲጠለፍና ሲወደቅ፣ ሥለናል። በካፊ ኖኖ ምን ተብለው እንደሚጠሩ ግን አባቶቻችን እንዲነግሩን እንፈልጋለን። ሥዕሎቹ በቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግተዋል፤ እርሳስም አኑረናል።