ኤሚሊያ ለምን ዝም አለች?
(በሥነ ጽሑፍ ክበብ ምሽት ስለ «ኦቴሎ» የተደረገ ንግግር)



ስለ ሼክስፒር «ኦቴሎ» እንድንናገር ክበባችን ሲጠይቀን በመጀመሪያ ያሰብነው ስለ ኦቴሎ ቅናትና ስለ ኢያጎ ተንኰል ለመናገር ነበር። ነገር ግን ይህ በክፍል ውስጥ ተደጋግሞ የተባለ ስለሆነ፥ ደግሞም አምስት ሆነን ተውኔቱን ድምፃችንን ከፍ አድርገን ስናነብ ያጣላን ሌላ ሰው ስለሆነ፥ ስለዚያች ሰው ልንናገር ቈርጠናል። እርሷም የኢያጎ ሚስት፥ የዴዝዴሞና ደንገጡር ኤሚሊያ ናት።

ተውኔቱን ላላነበቡት ባጭሩ እናስታውስ። ኦቴሎ ለቬኒስ መንግሥት የሚዋጋ የጦር አዛዥ፥ በትውልዱ ሙር ነው። የአንድ ባለሥልጣን ልጅ የሆነችውን ዴዝዴሞናን አባቷ ሳይፈቅድ አግብቶ ወደ ቆጵሮስ ደሴት ይዘምታል። ሰንደቅ ያዡ ኢያጎ የተመኘው ሹመት ለካሲዮ ስለተሰጠበት ቂም ይይዝና ሚስቱ ከካሲዮ ጋር እንደምትወሰልት አዛዡን ያሳምነዋል። ማስረጃው አንድ መሐረብ ነው። ኦቴሎም ንጽሕት ሚስቱን በአልጋዋ ላይ አፍኖ ይገድላታል፤ እውነቱ ሲገለጥለት ራሱን ይገድላል።

በሦስተኛው ገቢር ሦስተኛ ትርኢት ኢያጎ አዛዡን ሲያጠምድ ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው፥ በመጀመሪያው ላይ እርግጠኛ ነገር እምብዛም እንደማይናገር ያያል። ኦቴሎ ስለ ካሲዮ ታማኝነት ሲጠይቀው «ታማኝ» የሚለውን ቃል ብቻ አንሥቶ እንደሚያመነታ ሰው ይመልስለታል። ምን እንደሚያስብ ሲጠይቀው ደግሞ «ማሰብ» የሚለውን ቃል መልሶ ይሰጠዋል። እንደ ገደል ማሚቶ መሆኑ ነው፤ ኦቴሎም ራሱ ይህን ይታዘባል፥ ግን ከወጥመዱ አያመልጥም። ከመካከላችን አንዱ «ይህማ የኛው ሰምና ወርቅ ነው» ብሎ ነበር። አነጋገሩ አስደስቶናል፤ አልተቀበልነውም እንጂ። በቅኔ ወርቁን የሚያኖረው ባለቅኔው ነው፥ ሰሚው ቆፍሮ ያገኘዋል። የኢያጎ ንግግር ግን ሰሙ ብቻ ነው። ኦቴሎ ቢቆፍር ቢቆፍር ምንም ያጣና፥ የገዛ ፍርሃቱን ከዚያ አኑሮ «አገኘሁ» ይላል። የሚፈራውም ብዙ ነው፤ ጥቁርነቱን፥ ዕድሜውን፥ የከተሜ ሰው ለስላሳ አነጋገር የሌለው መሆኑን በዚያው ትርኢት ራሱ ይቈጥረዋል።

አሁን ወደ መሐረቡ እንምጣ። በዚሁ ትርኢት መካከል ኦቴሎ ራሱን እንዳመመው ይናገራል፤ ዴዝዴሞና ግንባሩን በመሐረቧ ልታስርለት ስትል ትንሽ ነው ብሎ ይገፋዋል፥ መሐረቡም ይወድቃል። እንግዲህ ኋላ ነፍስ የሚጠፋበት መሐረብ የወደቀው በኦቴሎ በራሱ እጅ ነው፥ ተዪው ያላትም እርሱ ነው። ኤሚሊያ ታነሣዋለች። ባሏ እንድትሰርቅለት ስንት ጊዜ ለምኗታል፤ ለምን እንደሚፈልገው ግን አታውቅም። ጥልፉን አስቀድታ ለባሏ ልትሰጠው ታስባለች። ኢያጎ ይመጣና ይነጥቃታል፤ ስለ ነገሩ ምንም እንደማታውቅ እንድትሆንም ያስጠነቅቃታል።

ያጣላን ከዚህ የሚቀጥለው ትርኢት ነው። ዴዝዴሞና መሐረቧን የት እንደጣለችው ስትጠይቃት ኤሚሊያ አላውቅም ትላለች። ወዲያው ኦቴሎ ገብቶ መሐረቡን ይጠይቃል፤ አንዲት ግብፃዊት ለእናቱ የሰጠቻት፥ በድሩ ውስጥ አስማት ያለበት መሆኑን እየነገረ ያስፈራራታል። (በመጨረሻው ትርኢት ደግሞ አባቱ ለእናቱ የሰጣት ስጦታ ነው ይላል። የትኛው እውነት እንደሆነ ሼክስፒር አልነገረንም፤ መምህሮቻችን አሳብ ቢሰጡበት ደስ ይለናል።) ባልየው መሐረቡን አምጪ እያለ ሲደጋግም፥ ሚስቲቱ ስትንቀጠቀጥ፥ ኤሚሊያ በዚያው ቆማለች። አንድ ቃል ብትተነፍስ ነገሩ ሁሉ በዚያ ያበቃ ነበር። ዝም አለች። ኦቴሎ ከወጣ በኋላም የምታወራው ስለ ባሎች ጠባይ ነው እንጂ ስለ መሐረቡ አይደለም።

ከአምስታችን ሦስቱ «እንግዲያስ ገዳይቱ እርሷ ናት» አልን። አራተኛው «ባሏን ማስደሰት ነው የፈለገችው፥ ሞኝነት እንጂ ክፋት የለባትም» አለ። አምስተኛዋ፥ የኤሚሊያን ቃል የምታነበው ጓደኛችን፥ «ማታ ከማን ቤት እንደምትገባ ጠይቃችኋልን?» አለችን። ለጊዜው መልስ አላገኘንም።

ይህን ጥያቄ ይዘን ሼክስፒር ታሪኩን ወዳገኘበት ድርሰት ሄድን። ይኸውም ኢጣልያዊው ቺንቲዮ በ1565 (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ያሳተመው ነው። በዚያ ድርሰት መሐረቡን የሚሰርቀው ሰንደቅ ያዡ ራሱ ነው፤ እመቤቲቱ የእርሱን ትንሽ ልጅ አቅፋ ስታጫውት ከወገቧ ይወስድባታል። ሚስቱ የባሏን ክፉ አሳብ ሁሉ ታውቃለች፤ እርሱን በመፍራት ግን አትናገርም። ታሪኩን የምትገልጠው ባሏ ከሞተ በኋላ ነው። ሼክስፒር ይህን ገልብጦታል። የርሱ ኤሚሊያ የባሏን አሳብ አታውቅም፥ ነገር ግን እጇ አለበት፤ ያወቀች ዕለት ግን ባሏ ሰይፍ ታጥቆ ቆሞ ሳለ ትናገራለች።

ስለ አራተኛው ገቢር ሦስተኛ ትርኢት ብዙ አንልም። ሚስቶችም እንደ ባሎች የሚሰማቸው መሆኑን ኤሚሊያ የምትናገርበት ረጅም ቃል፥ እንዲሁም የዴዝዴሞና የሐዘን ዘፈን፥ በ1622 በታተመው መጽሐፍ የሉም፤ የምናገኛቸው በ1623ቱ ኅትመት ነው። የመጀመሪያውን ብቻ ያነበበ ሰው ሌላ ኤሚሊያን ያነበበ ያህል ነው።

በመጨረሻው ትርኢት ኦቴሎ ማስረጃውን የሰጠው ኢያጎ መሆኑን ሲነግራት፥ ኤሚሊያ «ባሌ?» የሚለውን ጥያቄ ትደጋግማለች። ኦቴሎ በመደጋገሟ ይቈጣል። እኛ ግን ይህን ስናነብ የሦስተኛው ገቢር የገደል ማሚቶ ትዝ አለን። ባል የሰውን ቃል የመለሰው ለማታለል ነበር፤ ሚስት የምትመልሰው ማመን አቅቷት ነው። በያንዳንዱ «ባሌ?» ውስጥ መሐረቡ በእጇ እንዳለፈ እየታወሳት ይሄዳል።

አነጋገሯም በዚያው ይለወጣል። «ኦቴሎ»ን ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰው ቢሆንም፥ እኛ ለልምምድ ያህል እንግሊዝኛውን በራሳችን አማርኛ እየፈታን ነበር ያነበብነው። ለአዛዡ «እርስዎ» ስንል የቈየን ሰዎች ከዚህ ስንደርስ «እርስዎ» አልሄድ አለን። እንግሊዝኛውን ብናይ በአክብሮት የምትጠራው ኤሚሊያ በዚህ ቦታ ላይ «አንተ» ወደሚለው ትወርዳለች። አዛዥነቱም፥ ሰይፉም አያስፈራትም። ባሏ ወደ ቤት ሂጂ ሲላት አልሄድም፥ አልታዘዝህም ብላ መሐረቡን ያገኘችውና የሰጠችው እርሷ መሆኗን በሁሉ ፊት ትመሰክራለች። ኢያጎም ወግቷት ይሸሻል። ከእመቤቷ አጠገብ እንዲያስተኟት ለምና ትሞታለች። ኢያጎ ተይዞ ሲመጣና ለምን እንዳደረገው ሲጠየቅ፥ ያ ሁሉ ነገር አዋቂ ከእንግዲህ ወዲህ ቃል አልናገርም ብሎ አፉን ይዘጋል።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን አንድ ነገር መናገር አለብን። ባለፈው ዓመት በመኖሪያችን ስለ አንዲት ተማሪ ወሬ ተነሥቶ ነበር። ወሬው ከማን አፍ እንደወጣና ሐሰት እንደሆነ ከአምስታችን ሁለታችን እናውቅ ነበር። የጠየቀን ሰው የለም ብለን ዝም አልን፤ ጓደኛችንን ላለማስቀየም ነበር። ልጅቱ የመንፈቁ ፈተና ሳይደርስ ትምህርቷን ትታ ሄደች። ኤሚሊያን ገዳይ ናት ካልነው ከሦስታችን መካከል እኒያ ሁለቱ ነበሩበት። ይህንን ያስተዋልነው ጠቡ ካበቃ በኋላ ነው፤ ለልጅቱም ደብዳቤ ጽፈንላታል፥ መልስ ገና አልመጣም።

በሚመጣው ኀሙስ የመሐረቡን ትርኢትና የመጨረሻውን በአዳራሹ እናነባለን። የኤሚሊያን ቃል የምታነበው ጓደኛችን፥ መሐረቡ በሚጠየቅበት ጊዜ የት ልቁም ስትል ጠይቃናለች። ሁለታችን ከበስተኋላ፥ ከበሩ አጠገብ ብለናል። እርሷ ግን በባልና በሚስት መካከል፥ ፊቷን ወደ ተመልካቹ አዙራ ልትቆም ትፈልጋለች። ገና ስላልወሰንን አስተያየት ያላችሁ ከኀሙስ በፊት ንገሩን።