የጦር ቁስል በዕለቱ አይሰፋም



አዘጋጆቹ «ከሥራ ዘመንህ አንድ ነገር አውጋን» ሲሉኝ፣ ባለቤቴ «የእኛን ጉዳይ እንዳታነሳ!» ብላኝ ነበር። ይቅር ትበለኝ፤ የማነሳው እሱኑ ነው።

የካቲት 1991 ዓ.ም.፣ በባድመ ውጊያው ሲፋፋም፣ ከዚህ ግቢ ከወጣሁ ዓመት አልሞላኝም። ሽሬ አካባቢ ድንኳን ውስጥ ቁስለኛ እንቀበላለን። እሷ በሥራ ስድስት ዓመት የምትቀድመኝ ነርስ ነበረች። እኔ «ሲስተር» እላታለሁ፤ እሷም «ዶክተር» ብላ በአንቱታ ትጠራኛለች።

አንድ ሌሊት ጭኑን ፍንጣሪ የመታው ወጣት መጣ። ቁስሉን አጠብኩ፤ የሞተውን ሥጋ ቆርጬ አወጣሁ። ንጹሕ መሰለኝ። ክር ስጠይቃት ዝቅ ባለ ድምፅ «ዶክተር፣ ይተዉት፤ የጦር ቁስል በዕለቱ አይሰፋም» አለችኝ። ይህን እኮ እዚሁ ተምሬዋለሁ፣ ተፈትኜበታለሁ፦ ቁስሉ ሳይሰፋ በጎዝ ተሸፍኖ ይቆያል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ታይቶ፣ ንጹሕ ከሆነ ይዘጋል። ግን ወረፋው ረጅም ነበር፤ በሰው ፊት መታረሙም ከበደኝ። ሰፋሁት።

በሦስተኛው ቀን እግሩ አብጦ ጠቆረ። ነፍሱን ለማትረፍ መቁረጥ ግድ ሆነ። መጋዙን የያዝኩት እኔ፣ እግሩን ደግፋ የያዘችው እሷ ናት።

ማታ ከድንኳኑ ጀርባ ብቻዬን ተቀምጬ ሳለሁ መጣች። «ነግሬዎት ነበር» አላለችኝም። ሻይ በጣሳ አቀበለችኝና «እንካ፣ ጠጣ» አለችኝ። «ይጠጡ» አይደለም፤ «ጠጣ»! ፍቅራችን የተጀመረው እዚያ ላይ ነው።

ከሳምንታት በኋላ እንጋባ ብዬ ጠየቅኳት። «እዚህ ሁላችንም ፈርተናል፤ ፍርሃት ይሁን ፍቅር በምን እንለያለን? ይሄም በዕለቱ አይሰፋም» አለችኝ። ጠበቅኩ። ቀለበት ያሰርነው ታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. የአልጀርሱ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ነው።

እኔ ትዳር አገኘሁ፤ የዚያን ልጅ እግር ግን የመለሰለት የለም። ስለዚህ ዛሬ ለምታስተምሩት አንድ አደራ አለኝ። ስፌቱን ማንም ይለምደዋል፤ እናንተ ግን ነርሷ «ይተዉት» ስትል እጃቸውን መሰብሰብ አስተምሩልኝ።