«ይህ ምኑ ነው?» ከማለታችን በፊት
(በአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ለወጣት አባሎቻችን የተጀመረው የቀለም ሥዕል ሥልጠና ይቀጥል ወይስ ይቁም በሚለው ላይ ዛሬ ድምፅ እንሰጣለን። ባለፈው ስብሰባ የተነሣው ጥያቄ ተገቢ ነው፦ «ቤት ላልሆነ፣ ሰው ላልሆነ፣ ጥቁር መስመር ብቻ ለሆነ ነገር ለምን ወረቀትና ቀለም እንገዛለን?» ሒሳብ የምንይዘውም ሰዎች ይህን መጠየቅ ሥራችን ነው። ሆኖም ከወጪው በፊት አስተያየታችንን እናስተካክል።

ጥልፍ የምናውቅ ሴቶች ነን። ቀሚስ ላይ ያለ ጥልፍ አይተን፣ ስም ሳይጻፍበት፣ «ይህ የእገሊት እጅ ነው» እንላለን። የምንለየው በአበባው ሳይሆን ክሩ በጠበቀበትና በላላበት ነው።

የቀለም መስመርም እንዲሁ ነው። ብሩሽ ሲፈጥን የወረቀቱን ነጭ በመካከል እየተወ ያልፋል። ሲዘገይ ወረቀቱ ቀለሙን ይጠጣል፤ ጠርዙም ይሰፋል። እጅ ሲጫን መስመሩ ይወፍራል፣ ሲነሣ ይቀጥናል። የት እንደጀመረች፣ የት እንዳመነታች፣ የት እንደጨከነች ይነበባል። ባዶ የተተወውም ቦታ የሥዕሉ አካል ነው።

ቀለም እንደ እርሳስ በላጲስ አይጠፋም። በገንዘብ መዝገብም አይፋቅም፤ በአንድ መስመር ተሰርዞ ይፈረምበታል፣ የቀድሞው ቁጥርም ይታያል። የልጆቹ ወረቀት ላይ የምናየው መደራረብ ይህንኑ ይመስላል፤ የመጀመሪያው ሐሳብ ከሁለተኛው ሥር አለ።

በ1970 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ተወልዳ አሜሪካ ያደገችው ሠዓሊ ጁሊ ምሕረቱ በዚህ መንገድ በዓለም ታውቃለች። በ2012 እ.ኤ.አ. የሠራችው «ሞጋማ» አራት ክፍል ሲኖረው፣ የእያንዳንዱ ቁመት 4 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ከሥር እንደ ካይሮው ታህሪርና እንደ መስቀል አደባባይ ያሉ ቦታዎች በቀጭን መስመር ተነድፈዋል፤ በላያቸው ጥቁር የቀለም ምልክቶች ይራወጣሉ። የሰው ፊት ባይሣልበትም፣ ለሚያስተውል የሕዝብ ግርግር አለበት።

እህቶቻችን፣ ሥዕሎቹ ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። አንዱን እንምረጥና ወረቀቱን ሳንነካ አንድ መስመር ከመነሻው እስከ መድረሻው በጣታችን እንከተል። ከልጆቹ መካከል በስብሰባ ላይ አንድም ቀን ሲናገሩ ያልሰማናቸው አሉ። ድምፃችንን የምንሰጠው በእነርሱ ሥራ ላይ ነውና፣ ካየነው በኋላ ይሁን።